በአፉ የሚጎርስ ነፍጥ

ዛሬ ጠዋት ለጸሎት ጧፍ ልለኩስ ክብሪት ስጭር እሳቱ ከእንጨቷ ዘሎ ቀፎው ውስጥ ገባና ክብሪቱ በሙሉ እጄ ላይ ቦግ ብሎ ነደደ። ጣቴን ብዙም አላቃጠለኝም። ሽታው ግን ያዘኝ፤ ያ አፍንጫ የሚሰነፍግ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር የክብሪት ራስ ሽታ። ጧፉን ሳልለኩስ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አምስት ልጅ የወለደች ሴት በክብሪት ሽታ ስትደነብር ያስቃል፤ ልጆቼም ሳቁብኝ። ነግሬያቸው አላውቅምና አልፈርድባቸውም።

ልጅነቴ ያለፈው ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ የጣና ውሃ በክረምት እስከ ጓሮ በሚደርስበት መንደር ነው። አባቴ በሕፃንነቴ ስለ ሞተ ያሳደጉን የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ንጋቱ ናቸው። አጎቴ አዳኝ ነበሩ። ነፍጣቸው የዛሬውን ዓይነት ጥይት አይጎርስም፤ ባሩዱንም እርሳሱንም በአፈሙዙ ጨምረው፣ በረጅም ዘንግ ጠቅጥቀው የሚተኩሱት፣ ከአያታቸው የወረደ ብረት ነው። ሲያቆሙት ከእኔ ይረዝም ነበር። ሰደፉ ላይ የተሰፋው የፍየል ቆዳ ከብዙ ዘመን ላብና ቅቤ የተነሣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

ደርግ የገጠሩን መሣሪያ ሲሰበስብ ደኅና ደኅናው ጠመንጃ ሁሉ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተከመረ። የአጎቴ ተራ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ነፍጡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ።

«አባ ንጋቱ፣ ይኸማ ከእርስዎም ያረጀ ነው። ይመርኮዙት!»

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ እግሬንም እያመመኝ ነበር» አሉ አጎቴ።

ጉማሬ ከማሳ ማባረሪያ ይሁን ተብሎ ተተወላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊቀመንበሩ ባለበት ሁሉ ያነክሱ ነበር። አንዳንድ ቀን የሚያማቸውን እግር ይረሱትና በግራው እያነከሱ ሄደው በቀኙ እያነከሱ ይመለሳሉ።

ያን ጊዜ ከጉማሬ ይልቅ የምንፈራው አፈሳ ነበር። ለውትድርና የሚያፍሱት ሰዎች ገበያውን፣ ቀብሩን፣ ሠርጉን ሳይቀር ድንገት ይከቡታል። ከመንደራችን ከሄዱት ልጆች የአንዱም ድምፅ ተመልሶ አልተሰማም። ወንድሜ ይበልጣል አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያ ክረምት ስሙ ከዘማቾች ዝርዝር ገባ ሲባል ከቤት ጠፋ። መራዊ አክስታችን ዘንድ ሄደ አሉኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ይበልጣል ከማሳችን ግርጌ፣ ከውሃው ዳር በበቀለው ደንገል መካከል፣ የታጨደ ደንገል አንጥፎ፣ ትንኝ እየበላው ተደብቋል። የሚያውቁት እናቴና አጎቴ ብቻ ናቸው። ከእኔ መደበቃቸው ደግ ነበር፤ ሚሊሻዎች ተቆጥተው ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። እናቴ ሲመሻሽ ውሃ ልቅዳ ብላ ስትወርድ ከነጠላዋ ሥር ምን እንደምትይዝ፣ ለምንስ እንደምትዘገይ ልብ ብዬ አላውቅም።

አጎቴ ነፍጡን ለይበልጣል ሊያወርሱ ያስቡ ነበር። እሱ ሲጠፋ እኔን ጠሩኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

«ሴት ልጅና ነፍጥ!» አለች እናቴ። «አያ ንጋቱ፣ ምን ነካህ?»

«ወንዶቹንማ ከየት ላምጣቸው? እኔ ስሞት ይኸ ብረት አብሮኝ ይቀበር?»

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች።

ትምህርቱ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ብረቱን ሳልነካ አንድ ወር ሙሉ ቃሉን ብቻ አስቆጠሩኝ። «ባሩድ፣ ጨርቅ፣ እርሳስ፣ ጨርቅ፣ እሳት።» ጎመን ስቀነጥስ እለዋለሁ፤ እንጨት ስለቅም እለዋለሁ። ተኝቼ ስለው እናቴ አፌን በእጇ ትከድነዋለች፤ በዚያ ዘመን ከአንድ ልጅ አፍ «ባሩድ» የሚል ቃል ቢሰማ ቤት ያስፈትሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሩዱን በማስቀመጫው ቀንድ ክዳን መስፈር፣ ጨርቅ መቅደድ፣ በዘንጉ መጠቅጠቅ ተማርሁ። እሳት ማቀበያዋ ትንሽ የነሐስ ቆብ ከገበያ ከጠፋች ዘመን ስለ ሆናት አጎቴ የክብሪት ራስ በቢላዋ ፍቀው ይተኳት ነበር። መፋቁ የእኔ ሥራ ሆነ፤ ጣቶቼ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ክብሪት ክብሪት ይሸቱ ነበር።

የመጀመሪያዋን ጅግራ ስተኩስ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፈንሁ። ሰደፉ ትከሻዬን መትቶ የጎመኑ መደብ ላይ ዘረረኝ። አጎቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ተነሺ፤ ጅግራዋ ደኅና ናት። ጎመኑ ነው የሞተው» አሉ።

ሁለት ትእዛዝ ነበራቸው። እሳቸው ሳይኖሩ ነፍጡን አልነካም፤ አፈሙዙንም ወደ ደንገሉ አላዞርም። «ወደ ውሃ የተኮሰን ሐይቁ ይበላዋል» አሉኝ። ልጅ ነኝና አመንኋቸው። በተቀመጥሁበት ሁሉ ሐይቁን በጎን ዓይኔ አየው ጀመር።

ጥቢ ሆነና በቆሎው እሸት ያዘ። በዚያ ዓመት ከእሱ ሌላ እህል አልነበረንም። ጉማሬ ሁለት ቀን አከታትሎ አመሻሽ ላይ ወጣና የማሳውን አንድ ጎን ረገጠው። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ፤ የቀረ ይቀጣል ተባለ። እናቴና አጎቴ ሄዱ። ስብሰባ ነፍጥ ይዞ መግባት ክልክል ስለ ነበር አጎቴ ከነባሩዱ፣ ከነእርሳሱና ከነክብሪቱ በማሳው መጠበቂያ ማማ የሣር ክዳን ውስጥ ሸጎጡት። እኔ ወንጭፍና የማንኳኳው ቆርቆሮ ይዤ ማማው ላይ ቀረሁ።

«ከመጣ ቆርቆሮውን ምቺ። ብረቱን ግን እንዳትነኪ» አሉኝ፤ ሁለት ጊዜ።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ዘቀዘቀች። ነፋስ የሚባል የለም፤ የበቆሎው ቅጠል እንኳ ዝም ብሏል። ደንገሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ተነቃነቀ። ቆርቆሮውን መታሁ። ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነቃነቀ፤ ወደ እኔ እየቀረበ ነው። ጉማሬ ማማውን ገፍቶ ሲጥለኝ፣ ከዚያም በቆሎው አልቆ እናቴ ባዶ ሞሰብ ከፍታ ስታይ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ታዩኝ። እጄን ሣሩ ውስጥ ሰድጄ ነፍጡን አወጣሁ።

ጉማሬ የሚባረረው በባሩድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እርሳስ አይገባም። እኔ ግን በፍርሃቴ ድምፅ አልበቃ አለኝና እርሳስም ልጨምር ቆረጥሁ። ከንፈሬ ቃሉን ይቆጥራል፤ እጄ ግን የራሱን ይሠራል። ጠቀጠቅሁ፤ የክብሪቱን ራስ ፍቄ ከቦታው አደረግሁ፤ ረጅሙን ብረት በማማው አግዳሚ ላይ አስደግፌ ወደ ደንገሉ አዞርሁት። ሐይቁ ይብላኝ አልሁ በልቤ። በደንገሉ መካከል ጥቁር ነገር ጎንበስ ብሎ ታየኝ። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንሁም፤ እንዳስተማሩኝ ትንፋሼን ይዤ ምላጩን ሳብሁ።

ክብሪቱ ፍስስ ብሎ በራ። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነፍጡ ግን አልተኮሰም።

«አትተኩሱ! እጄን ሰጥቻለሁ!» የሚል የሰው ድምፅ ከደንገሉ ወጣ።

ጭቃ የለበሰ፣ ጢሙ ማቀምቀም የጀመረ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ተነሣ። ሚሊሻ መስዬው ነበር። ማማው ላይ ያለሁት እኔ መሆኔን ሲያይ እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«ጥሩወርቅ? አንቺ ነሽ?»

ወንድሜ ነበር። እናቴ ስብሰባ ስለ ሄደች ምግቡ ቀርቶበት፣ እሸት ሊቆርጥ እየተሳበ መምጣቱ ነው። ከማማው እንዴት እንደ ወረድሁ አላውቅም። ጉልበቱን ይዤ አለቀስሁ፤ እሱ ራሴን እየደባበሰ «ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ይሰሙናል» ይለኛል። አፉ ይህን ይላል እንጂ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

እናቴና አጎቴ ሲመለሱ በበቆሎው መካከል ተቃቅፈን አገኙን። ሁሉንም ነገርኋቸው። አጎቴ ነፍጡን አነሡ፤ ከዘንጉ ጫፍ ጠመዝማዛውን ብረት አስረው የጎረሰውን እየሳቡ ያወጡ ጀመር። መጀመሪያ ጨርቅ ወጣ። ቀጥሎ ባሩዱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ከሁሉም በታች፣ የእሳቱን መግቢያ እንደ ውታፍ ዘግቶ፣ እርሳሱ ተቀምጧል። አጎቴ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ወደ እኔ ዘረጉት።

«እርሳሱን ማን አስቀደመው?»

«እኔ ነኝ አጎቴ። ተሳሳትሁ።»

በጥፊ ይሉኛል ብዬ ፊቴን ሸፈንሁ። ግንባሬን ሳሙኝ። እናቴ እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተደፍታ ሰገደች፤ ስትነሣ ግንባሯ ላይ ጭቃ ነበር፤ አልጠረገችውም።

ጀማሪ ሁሉ አንድ ቀን እርሳሱን ያስቀድማል ይባላል፤ እኔን እግዚአብሔር ቀኑን መረጠልኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳመሰግነው አልጠገብሁም።

«ልጅ ያገኘውን ሚሊሻ አያጣውም» አሉ አጎቴ። ጨለማው ሳይበረታ ይበልጣልን በታንኳ ላይ በደንገል ሸፍነው ወደ እንፍራንዝ አቅጣጫ፣ ዘመዶቻችን ዘንድ ይዘውት ሄዱ። ነፍጡንም ይዘው ነበር። እናቴና እኔ ስምንት ቀን ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተነሣን ቆየን። በስምንተኛው ቀን አጎቴ ብቻቸውን፣ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ደኅና ደረሰ» አሉ። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ መለሰችው።

«ነፍጡስ አጎቴ?» አልኋቸው።

«ስለት ነበረብኝ። ልጁን አድርስልኝ፣ ይኸን እተዋለሁ ብዬ ነበር። አደረሰልኝ። ሐይቁ ውስጥ ነው።»

ሊቀመንበሩ በማግስቱ መንገድ ላይ አገኛቸው።

«አባ ንጋቱ፣ ምርኩዝዎ የት ሄደ?»

«እግሬ ዳነ ልጄ» አሉት።

ወንድሜ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ጢሙ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። አጎቴ ግን ያን ቀን ለማየት አልደረሱም። ከስለቱ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ከእኔ ሌላ ማንንም አላስተማሩም፤ የሚያስተምሩበትም አልነበራቸውም። ጅግሮቹ የሚነካቸው እንደሌለ ሲያውቁ እስከ ደጃፋችን እየመጡ ይለቅሙ ጀመር። አጎቴ ከደጅ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። አንድ ዓይናቸው በቀስታ ይጨፈናል፤ ጉልበታቸው ላይ ያረፈው ሌባ ጣታቸው ትንሽ እጥፍ ይላል። ከዚያ የሚያያቸው ሰው ያለ ይመስል ጣታቸውን ፈጥነው ይዘረጉታል። እኔ ከጓዳ ሆኜ አይ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ልላቸው ስንት ጊዜ ወጥቼ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ ወንድሜ በሕይወት እያለ ስለ አንድ ብረት ማልቀስ ምስጋና ማጉደል መሰለኝና ተመልሼ ገባሁ። አንድ ጠዋት ጅግሮቹ ደጁን ሞልተው እየለቀሙ ሳለ፣ አጎቴ ሊያዩዋቸው አልወጡም።