ከሂርናው ሚኒባስ ቴፕ ጋር የነበረኝ ጸብ

ስቱዲዮ ነበረኝ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ እኔም እስቃለሁ። አሰበ ተፈሪ፣ አሁን ጭሮ በምትባለው ከተማችን ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፣ በሩ ላይ ፍራሽ አቆምኩ። ባለቤቴ መጥታ አየችና፣ "ግድግዳው በርዶታል?" ብላ ብቻ ሄደች። ድምፅ የምቀርጽበት ሶፍትዌር ከድሬዳዋ በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ ነው። ማን እንደሠራው አላውቅም፤ እሱም እኔን ባያውቀኝ ይሻለዋል።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ካሴት ሞቶ መኪናው ሁሉ ፍላሽ መሰካት የጀመረበት። የቤተ ክርስቲያናችን ኳየር መዝሙር ሊያስቀርጽ ፈለገ። ሃያ ሁለት ነን። "ነን" ያልኩት እኔም ስላለሁበት ነው። ከኋላ ረድፍ ቆሜ ወፍራሙን ድምፅ እዘምራለሁ፤ ሌሎቹ ግን እንደምዘምር አያምኑም።

ክፍሏ ከአምስት ሰው በላይ ስለማትይዝ አምስት አምስት እየሆንን ገባን። የፊት ዘማሪዋ ብቻዋን ገባች። እሷ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ትልቅ ሴት ናት፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። በገበያ ቀን "ሽንኩርት" ብላ ስትጣራ ሌላው ነጋዴ ዋጋ መናገር ያቆማል። ድምፅዋ እንደዚያ ነው።

ሥራው አለቀ። እኔ የማዳምጠው ከቸርች በተዋስኩት ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ በሞንታርቦ ነበር፤ በእሱ ሳል እንኳ ቢሰማ ያምራል። ሰማሁት፣ ኮራሁ፣ ለኳየራችን መሪ ሰጠሁት። መሪያችን አስተማሪ ነው፤ ያለ ፈተና የሚያምነው ነገር የለም። ፍላሹን ይዞ፣ እኔንም አስከትሎ፣ ሂርና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ሹፌሩ የምናውቀው ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ አዲስ አበባ የተቀረጸ የኦሮምኛ ዘፈን ከፍቶ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑ እንዳለቀ የእኛን ሰካልን።

ጸጥ አለ። መዝሙሩ የጀመረ አልመሰለንም። ሹፌሩ እጁን ልኮ ድምፁን ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ፣ እስከ ጥግ አዞረው።

"ወሪያ፣ እነዚህ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ነው እንዴ የሚዘምሩት?" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

መሪያችን ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ሞክረሃል" አለኝ። እኛ ጋ "ሞክረሃል" ከተባልክ አለቀልህ ማለት ነው።

ያሰበውን እዚያው መኪና ውስጥ ነገረኝ። አዲስ አበባ ስቱዲዮ ሄደን እናስቀርጻለን። ግን ሁላችንም መሄድ ስለማንችል አምስት ሰው ይመረጣል፤ የቀረውን ድምፅ እዚያ ያሉ ዘማሪዎች ይሞሉታል።

"እና አሥራ ሰባቱ?" አልኩ።

"በጸሎት ይተባበራሉ።"

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ እኔ እንደምሆን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ግን እውነቴን ነው፣ የተናደድኩት ለራሴ አይደለም። የእኔ ድምፅ ቢቀር መዝሙሩ ይጠቀማል። ግን ከሚቀሩት ውስጥ ከመሰላ በእግሯ እየመጣች የምትለማመድ ልጅ አለች፤ ለሥራ ቦኬ ተመድቦ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ እየተሳፈረ የሚመጣ ወንድም አለ። መዝሙራችን ሲከፈት ሰው በእነሱ ፋንታ የማያውቃቸውን የአዲስ አበባ ሰዎች ሊሰማ ነው። "እዚሁ ይሠራል" አልኩ። "ጭሮ ውስጥ ድምፅ አይጮህም የሚል ሕግ የለም። አንድ ዕድል ስጠኝ፤ በዚሁ መኪና፣ በዚሁ ቴፕ። ሹፌሩ እጁን ወደ ቴፑ ከላከ ሂዱ፣ እኔ ራሴ መናኸሪያ እሸኛችኋለሁ።"

መሪያችን ፈተና ሲባል ደስ ይለዋል። ተስማማ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም ጅል የሚያደርገውን ነው፤ ሶፍትዌሩ ላይ ያለውን መጨመሪያ ሁሉ ወደ ላይ ገፋሁት። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። አዳመጥኩት። መዝሙር ሳይሆን ዘይት ላይ ውሃ የፈሰሰ ይመስላል። "ሃሌሉያ" የሚለው ቦታ ላይ ባለቤቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች፤ የሚቃጠል ነገር ያለ መስሏት።

ሳምንት ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ድምፅ እዚያ እንደ ተራራ ሆኖ ነው የሚታየው። የእኛ መዝሙር ደግሞ አጭር ሣር ነው፤ በመሃል በመሃል እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አለ። እንጨቱ ጣራውን ነክቷል። ስጨምር ጣራውን ይበሳና ያ ጩኸት ይመጣል፤ ስቀንስ ሣሩ ይጠፋል። እንጨቱ ማን እንደሆነ አዳመጥኩ። እትዬ ናት፤ ከፍ የምትልበት ቦታ ሁሉ።

የገባኝ በፎቶ ነው፤ ፎቶም አነሳለሁና። በቡድን ፎቶ አንድ ረጅም ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ እንዳይቆረጥ ብለህ ወደ ኋላ ትሸሻለህ፣ ሌላው ሁሉ ጉንዳን ያክላል። እኔ ራሴ በስንት ፎቶ እንደዚያ ጉንዳን ሆኜ ወጥቻለሁ። ረጅሙ ትንሽ በርከክ ካለ ግን ጠጋ ብለህ ሁሉንም ታነሳለህ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ይህን የሚሠራ ነገር ነበረ፣ ኮምፕረሰር ይሉታል፤ ጯሂውን ብቻ፣ በጮኸበት ሰዓት ብቻ፣ ጫን ያደርገዋል። ስሙን አይቼ የጎማ መንፊያ መስሎኝ ለወራት አልነካሁትም ነበር።

ሁለተኛው ጠላት ኤኮ ነው። እኛ ቸርች ኤኮ የሌለው መዝሙር ያልተጸለየበት ይመስላል፤ "ጌታ" ስትል ሦስቴ ካልመለሰልህ ዝማሬ አይባልም። እኔም ሃያ ሁለታችንም ላይ አፈሰስኩት። ቦታውን ሁሉ የያዘው እሱ ነው፤ ሰዎቹ ውስጡ ሰምጠዋል። ነቅዬ ጣልኩት።

እትዬን ግን ሳልነግራት ላሳንሳት አልፈለግኩም። ገበያ ሄድኩ።

"እትዬ፣ ድምፅዎን በኮምፒውተር ትንሽ ጫን ላደርገው ነው።"

ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ እንደያዘች ቀና አለች። "ጌታ የሰጠኝን ኮምፒውተር ነው የሚቀንሰው?"

"ከፍ የሚሉበት ጋ ብቻ ነው። እርስዎ ትንሽ ሲወርዱ ሌላው ሁሉ ይወጣል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"አንተም?"

"እኔም።"

"እሱን ነው እንግዲህ የማልወደው" አለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ከዚያ ለደንበኛዋ ሽንኩርቱን እየገለበጠች፣ "ያቺ የመሰላዋ ልጅ ትሰማለች?" አለችኝ።

"እስካሁን አልተሰማችም። አሁን ትሰማለች።"

"እንግዲያው ጫነው።"

መሪያችን እንደገና በዚያው ሚኒባስ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላው። የአዲስ አበባው ዘፈን አለቀ፣ የእኛ ገባ። መሪያችን መንገዱን አላየም፣ መዝሙሩንም የሰማ አይመስለኝም፤ የሹፌሩን ቀኝ እጅ ብቻ ነበር የሚያየው። እጁ ማርሽ ቀየረ፣ ጥሩምባ ነካ፣ አንዴ አፍንጫውን አከከ። ቴፑ ጋ አልሄደም። ሂርና እስክንገባ አልሄደም።

ከኋላ ጫቷን በእግሯ መሃል ያቀፈች ሴት፣ "አቦ እነዚህ ደግሞ የየት ናቸው?" አለች።

"የእነዚህ ሰዎች ቸርች ነው" አላት ሹፌሩ በአገጩ ወደ እኛ እያመለከተ። "ዛሬ ከጉድጓዱ ወጥተዋል።"

ወርደን ስንቆም መሪያችን ፍላሹን እጄ ላይ አስቀመጠ። "እሺ፣ ማንም አይሄድም" አለ። "ኤኮው ግን ትንሽ ይመለስ።"

"አይመለስም።"

"ሽፋኑ ላይስ? አዲስ አበባ የተቀረጸ ብንል ሰው በክብር ይገዛል።"

"እሱንም አልልም" አልኩት። ሽፋኑን ያተምኩት እኔው ነኝ፣ በራሴ ማሽን። የሃያ ሁለታችንም ስም በአንድ ልክ ፊደል ተጻፈ፤ ከታች "ጭሮ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ" ይላል። ቀለም እያለቀብኝ ስለነበር ትንሽ ደብዝዟል፤ ጠጋ ብሎ ለሚያነብ ግን ይነበባል።