የሙሴ ያኒ ባትሪ

ባለፈው እሁድ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር፣ አንዲት የፈረንጅ መኪና ቆማ አየሁ፤ አልጋውም ምድጃውም ከውስጧ ነው። ልጆች ከበው ያዩዋታል። እኔ ግን አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ መንገዴን ቀየርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከወሎ መጥቼ ድሬዳዋ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራ ነበር። ዘመድ የለኝም። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ጋራዡ ይዘጋል፣ ጓደኞቼ ጫታቸውን ይዘው መጋላ ሰፈር ይገባሉ። እኔ መቃም አልሆነልኝም፤ ያቺን ሰዓት እንዴት እንደምጠላት!

ሙሴ ያኒ የሚባል ሽማግሌ ግሪክ፣ ሚስቱ ስትሞትበት፣ ጭነት መኪና ላይ የእንጨት ቤት ሠርቶ ይኖር ነበር። የሚያቆማት ደቻቱ በሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው። "ባትሪው አይሞላም" ብሎ አስጠራኝ። ሞተሩን በማንቬላ፣ ከፊት በሚሰካው የእጅ ማዞሪያ ብረት፣ አዙሬ አስነሳሁና ቮልቱን ለካሁ፤ ዲናሞው ደህና ያመነጫል፣ ባትሪው ጋ ግን አይደርስም። ለካ ባትሪውን ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አካል፣ የሚያገናኘው ሽቦ ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። አጠበቅኩት። ሙሴ በርበሬ የበዛበት ፓስታ አበላኝ፣ ስለ ሚስቱም አወራኝ። አቦ፣ ያን ቀን እንዴት ደስ አለኝ!

በሳምንቱ ጠራኝ፤ ብሎኑ ላልቷል። ደግሞ ጠራኝ፤ አሁንም ላልቷል። መንገድ አነቃነቀው እንዳልል መኪናዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ጠጋ ብዬ ሳይ ብሎኑ ላይ የእኔ ያልሆነ የመፍቻ ጭረት አለ።

ክረምት ነበር፣ በሐረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ደቻቱ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ነው ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት የሚሞላው። ሙሴ ደግሞ ማንቬላ የሚያዞር ጉልበት የለውም፤ ባትሪው ባዶ ሆኖ ሞተሩ እምቢ ካለ ከነቤቱ መወሰዱ ነው። ደሜ ፈላ።

"ሙሴ፣ እርስዎ ነዎት የሚፈቱት! ጎርፍ ቢመጣስ?"

ድስቱን ማማሰሉን ቀጠለ። ሳያየኝ፣ "ታዲያ ምን ብዬ ልጥራህ?" አለ። "መኪናዬ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ና ልበልህ?"

"አዎ! እንደዚያ ይበሉኛ!"

ብሎኑን አጥብቄ መኪናዋን ከአሸዋው አወጣኋት። ሲመሽ ደቻቱ ዛፍ እየነቀለ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ሙሴ አልጠራኝም። እኔም ሳልጠራ ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝና፣ አፈርኩ። አንድ ቀን ባልፍ ቦታው ባዶ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ወርዷል አሉኝ።

አሁን ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ልጆቼ ሲደውሉ "አባዬ፣ የጎደለ ነገር አለ?" ይላሉ። "ምንም" እላለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። ትናንት ግን ትልቁን ልጄን "ጣራው ያፈሳል፣ እስቲ መጥተህ እይልኝ" አልኩት። ጣራው ደህና ነው።