ሰላምታው ይቆይ

በአስታማሚነት የተቀጠርኩት እንጅባራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ገና በሚገነባበት ጊዜ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ የመጣሁ የገጠር ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ስንታየሁ እጄን ይዛ አባቷ ዘንድ አስገባችኝ። አባባ አለኸኝ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጥጥ የሚፈትሉ ይመስል ይንቀጠቀጣሉ። ሕመማቸው ፓርኪንሰን ነው።

እትዬ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንድሰጥ፣ ብቻቸውን እንዳልለቃቸው ነገረችኝ። ልትወጣ ስትል ደግሞ መለስ ብላ፣ «አባባ ጨዋታ ይወዳሉ። ስትሄዱ ዝም እንዳትያቸው፤ አጫውቻቸው» አለችኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ሰው ፊት አፌ አይፈታም። እናቴ እንኳ ከእኔ ግድግዳው ይሻላል ትል ነበር። እንጀራዬ ነውና የምጠይቃቸውን ነገር አስቀድሜ እያሰብኩ እዘጋጅ ጀመር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ስንሄድ በጎልማሳነታቸው ስንት ፈረስ እንደነበራቸው ጠየቅኋቸው። ደስ አላቸው። የመጀመሪያውን ከነቀለሙ፣ ሁለተኛውን ከነአመሉ ነገሩኝ። ሦስተኛው ፈረስ ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ላይ ተጣበቀ፤ ወገባቸው ግን ወደፊት ሄደ። ክንዳቸውን ይዤ ስለነበር አብረን ወደቅን።

እኔ ሳለቅስ እሳቸው መሬት ላይ እንዳሉ፣ «ሦስቱም ፈረሶች ጥለውኝ አያውቁም፤ አንቺ በአራት ቀን ጣልሽኝ» አሉ።

እትዬ አልሳቀችም። ሁለተኛ ከወደቁ ከግቢ መውጣት የለም አለች። አባባ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ከግቢ አለመውጣት ለሳቸው ከሰው ተራ መውጣት ነበር።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከወንበሩ እስከ በሩ እንዲሄዱ አዘዛቸው፤ ሄዱ። ከዚያ ከሃያ ወደ ታች እየቆጠሩ እንዲመለሱ ነገራቸው። አሥራ ሰባት ሲሉ ቆሙ፤ እግራቸው እምቢ አለ። እኛ ሳናስብ እንራመዳለን፤ ለሳቸው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ሐሳብ ይፈልጋል፤ ሐሳቡ ወደ ሌላ ሲሄድ እግር ያለ ጠባቂ ይቀራል ብሎ አስረዳኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራውን ተማርኩ። ከወንበር ሲነሡ መጀመሪያ እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ይነሣሉ። ሲዞሩ እንደ ጭነት መኪና ሰፋ አድርገው ነው። ጫማቸው ማሰሪያ የሌለው ይሁን። ሲራመዱ ደግሞ እኔ ዝም።

መንገደኛው ግን ዝም አይልም። እንጅባራ ላይ ሽማግሌ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ ከሩቅ ጀምሮ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ይጠይቃሉ። አባባም ለአንዱም ሳይመልሱ አያልፉም። ስለዚህ ምልክት ተስማማን። ሰው ሲመጣ ክርናቸውን ጫን አደርጋለሁ፤ ይቆማሉ፣ እግራቸውን ከፈት ያደርጋሉ፣ ከዚያ እጅ ይነሣሉ። ስድስት ወር ሳይወድቁ ከረሙ።

ከዚያ የወንድማቸው ልጅ ሊያገባ ሆነና ወደ ልጅቱ ቤት ከሚላኩት ሽማግሌዎች ዋናው ተናጋሪ አባባ እንዲሆኑ ተመረጡ። የልጅቱ ቤት ዳንግላ ነው። እትዬ እምቢ አለች። አባባ፣ «ልሂድ። እዚያ ሰው ፊት ከወደቅሁ ሁለተኛ ከደጅ አልወጣም፤ ቃሌ ነው» አሏት። ልመናቸውን ሰማች፤ እኔ ግን ቃሉን ይዤ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሚኒባሱ ውስጥ አብረውን የሄዱትን ሁለት ሽማግሌዎች፣ አባባ ሲራመዱ እንዳያናግሯቸው መሬት መሬት እያየሁ ለመንኳቸው። አንደኛው ዝም ከማለት መውደቅ ይሻለኛል ብለው ሳቁ፤ ግን እሺ አሉ።

በሩ ላይ ስንደርስ የልጅቱ አባት ከነቤተሰባቸው ብድግ አሉ። አባባ አንድ እግራቸውን የበሩን ደፍ አሻግረዋል፤ አንዱ ውጭ ነው። ሰውየው፣ «አቶ አለኸኝ፣ እንዴት ከረሙ? ቤተሰቡስ? ያ ወንድምዎ ተሻለው ወይ?» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። አባባ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። የኋላ እግራቸው ተረከዝ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ መውደቃቸው ነው። ክርናቸውን ብጫንም ደፍ ላይ መቆሚያ የለም።

«ጌታዬ፣ ሰላምታው ይቆይ። አባባ መጀመሪያ ይግቡ» አልኩ።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ አባባ ወደ እግራቸው አዩ፤ ተረከዛቸው ረጋ፤ እግሩ ተነሣ፤ ገቡ። ጀርባቸውን ከምሰሶው አስጠጋሁና ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ወጉ ነው። ምሰሶውን ተደግፈው ነገሩን ከዳር እስከ ዳር ተናገሩ።

ሲጨርሱ የልጅቱ አባት ወደ እኔ ዞሩና፣ «ይቺስ? ሴት ሽማግሌ ይዛችሁ መጣችሁ?» አሉ።

አባባም፣ «አለቃዬ ናት። ሳትፈቅድልኝ አልራመድም» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

መልሱን በሁለት ሳምንት ኑና ውሰዱ ተባልን። ስንመለስ እትዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። አባባ ሳትጠይቃቸው፣ «በሁለት ሳምንት ደግሞ እሄዳለሁ» አሏት።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ሲራመዱ አታናግሯቸው። ሌላ ሰው ካናገራቸው፣ ብታፍሩም ቆይ በሉት።