ወልዱ ለሚስቱ ያሰናዳት ላንድሮቨር

ወልዱን ጉለሌ የሚያውቀው በእጁና በአፉ ነው። እጁ ያልፈታው ሞተር የለም፤ አፉ ደግሞ እጁ የሠራውን ሳያወራ አያድርም። በወጣትነቱ ቀያሾችን እየጫነ አገር ላገር ሲዞር፣ ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ሲያድር ኖሯል። ሚስቱ አስቻለች ግን ጉለሌ ተወልዳ፣ ሩቅ ሄደች ከተባለ እንጦጦ ማርያም ነው። ሲያገባት «አንድ ቀን አባያ ዳር አሳድርሻለሁ» ብሏት ነበር። ሃያ ዓመት አለፈ።

በሰባ ሦስት ዓ.ም. አንዲት ያረጀች ላንድሮቨር ከጅቡቲ በባቡር አስመጣ። ሰፈሩ «ወልዱ ሬሳ ገዛ» ብሎ ሳቀ። እሱ ከሥራ መልስ ዓመት ሙሉ ከሥሯ አልወጣም። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ታጣፊ አልጋ ገጠመ፣ የውሃ በርሜል አሰረ፣ ለቡታጋዙ መደርደሪያ ሠራ፣ በመጨረሻም ሁለተኛ የነዳጅ ሰርባቶዮ ጨመረላት። አስቻለች መጋረጃውን ሰፍታ ስትጨርስ አልጋው ላይ ጋደም ብላ «ከቤታችን ይሻላል» አለች።

የቀረው የይለፍ ወረቀት ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሊያጣራ ግቢው ድረስ መጣ። ወልዱ «ሐይቅ ልናይ ነው» ብሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አልጋውን ዘረጋለት፣ ውሃውን ከፈተለት። ሰርባቶዮው ጋ ሲደርስ አስቻለች ከኋላ ቱታውን ጎተት አደረገችው፤ ልብ አላለም።

«አንዴ ከሞላኋት ሞያሌ ድረስ ሳልቀዳ እገባለሁ» አለ።

«ከሞያሌ ወዲያስ ጓድ ወልዱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከሞያሌ ወዲያ ኬንያ ነው። በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ የሚተኛው የሚኮበልል ሰው እንጂ ሐይቅ የሚያይ ነው ብሎ ማን ያምናል? ላንድሮቨሯ ተወሰደች፣ ወልዱ ታሰረ።

እስር ቤቱ ከከተማው ማዶ ነው። መገናኘት ክልክል ስለነበር የሚገባው ስንቅ ብቻ ነው። አስቻለች ረቡዕና እሑድ ታቀብላለች፤ ወልዱም ደህንነቷን በሽሮዋ ጣዕም ያውቃል። በሁለተኛው ክረምት ሽሮው ተለወጠበት። «በርበሬ ተወዶ ይሆናል» አለ ለራሱ።

በሦስተኛው ዓመት ሲፈታ ቤቱን ዝግ ሆኖ አገኘው። ጎረቤታቸው ሀጂራ እጁን ይዛ ቤቷ አስገባችው።

«አስቻለችስ?»

«ጸበል ሄዳለች ጋሽ ወልዱ። ሩቅ ነው።»

ፊቱ በራ። «እሰይ፣ እሷም መንገድ ወጣች በይኛ» አለና ደስ ብሎት በላ፤ ደስ ብሎት ተኛ። ሀጂራ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ለታሰረ ሰው መርዶ አይላክም፤ ለተፈታም የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አስቻለች ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። በሐምሌ ዝናብ ስንቅ አቀብላ ስትመለስ ሳንባ ምች መታት፤ ሳምንት አልቆየችም። ከዚያ ወዲህ ሽሮው የሀጂራ ነበር።

ወልዱ አልጮኸም። «በአውቶቡስ ነበር የምትመጣው?» ብሎ ጠየቀ።

«በእግሯ ነበር» አለች ሀጂራ። «የአውቶቡሱን ሳንቲም ለእርስዎ ስንቅ ታደርገው ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ወልዱ ያለቀሰው። አስቻለች በዕድሜዋ የሄደችው ረጅሙ መንገድ ከጉለሌ እስከ እሱ እስር ቤት ነበር።