ለሚካኤል የተነዳው አንካሳ

ጥልያን ከወጣ ጥቂት ክረምት አልፎ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባለ አንድ የወገራ መንደር ኩፍኝ ገብቶ ልጅ ለቀመ። የይመኙሽ አንዲት ልጅ የአበቡ ትንፋሽ ሲቆራረጥ፣ እናቲቱ በረት ገብታ የግንባረ ነጩን ወይፈን የቦራውን ጆሮ ጫፍ በምላጭ ቀነጠበች።

«ሚካኤል፣ ልጄን ተውልኝ፤ ይህ ያንተ ነው» አለች።

በዚያ አገር ስለት ማለት ይኸው ነው፤ ጭንቅ ያወጣው ቃል፣ በጣት የተጠቆመ ከብት። ጆሮው ከተቀነጠበ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ቀንበር አይነካውም። ካህናቱ ብፅዓት ይሉታል፤ ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥጋው ያው ነው።

አበቡ ዳነች። የይመኙሽ ባል ዋኘውም ከፍርሃቱ ዳነ። ልጅቱ ስታጣጥር ግንባሩን አፈር ላይ ሲደፋ የነበረ ሰውዬ፣ ልጅቱ መሮጥ ስትጀምር የቦራውን ሻኛ ማሻሸት ያዘ። «ይህን የመሰለ ወይፈን ለካህን ሆድ?» ይላል። ይመኙሽ ይህን ስትሰማ አበቡን ወደ ጉያዋ ትስባለች፤ ስለቱን ያጓደለ፣ የተሰጠው ይወሰድበታል ሲባል አድጋለችና።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አበቡን አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቀደመች፤ ዋኘው ስለቱን ሊነዳ ቀረ። እልል ሊባል አፍ ሲከፈት፣ ከኋላው የሚጎተተው ቦራው ሳይሆን ሌላው አመድማ በሬያቸው፣ ዳልቻው፣ ሆኖ ተገኘ! አንካሳ፣ አጥንቱ የገጠጠ፣ ዓይኑን ዝንብ የወረሰው። ጆሮው ተቀንጥቧል፤ ደሙ ግን ገና ወደ አንገቱ ይወርዳል። ታቦት ለማታለል የተነሣ ሰው ቁስሉ እስኪደርቅ እንኳ አልታገሠም።

የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ወልደኢየሱስ ደሙን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው፤ ሆድ ቸኩሏል።

«ሸጋ ነው! ይቀበልህ።»

«አባ፣ ስለቴ ይህ አይደለም» አለች ይመኙሽ።

«ምነው ልጄ? ሚካኤል ከብት አያማርጥም።»

«እርስዎ ያማርጡ የለም እንዴ፣ አባ? ትናንት ከሲታ ዶሮ የመለሱት ማን ናቸው?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ጫፍ አፈኑ። ዋኘው ጠጋ ብሎ «አታዋርጂኝ!» አላት ጥርሱን ነክሶ።

«አያ ዋኘው፣ ሚካኤል አበቡን ቢወስድብኝ ዳልቻውን አዝዬ ልዙር?»

ቤቷ ተመልሳ ቦራውን ፈታች፤ እየነዳች መጥታ ገመዱን ለገበዙ አስጨበጠች። ያን ጊዜ ዋኘው ዳልቻውን ሊመልስ እጁን ዘረጋ።

«ወዴት? ጆሮው ተቀንጥቧል እኮ» አሉ ገበዙ፣ ሁለቱንም ገመድ ጠምጥመው። «ጆሮው የተቀነጠበ የሚካኤል ነው።»

«አባ፣ እኔ እኮ... ለማስመሰል ነው!»

ጉባኤው ሁሉ ሰማው። ገበዙ ምራቃቸውን ዋጡና ቢላዋ አስመጡ።

ይመኙሽ ደጀ ሰላሙን ተሳልማ፣ የልጇን ግንባር ዳብሳ፣ ትኩሳት እንደሌለ አየች። ደረቷ ቀለላት። ከሥጋው ግን ቅምሻ ሳትነካ ወጣች። ዋኘው ቀረ፤ ከገበዙ ትይዩ ተቀምጦ፣ እጁ እስከ ክንዱ ቅባት ሆኖ፣ የዳልቻውን ጎድን ይግጥ ነበር።