በስሟ የተወጋሁት መርፌ

የመርፌ ካርዱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መታጠፊያው በፕላስተር የተለጠፈ፣ ጠርዙ የጠቆረ ቢጫ ወረቀት ነው። ጠጋ ብዬ ሳሸተው በሶ በሶ ይለኛል፤ የጓደኛዬ እናት አይጥ እንዳይበላው ከበሶው ጋር በቆርቆሮ ዕቃ ነበር የሚያስቀምጡት። ውስጡ በትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ሲሆን በየሳጥኑ ቀንና ፊርማ አለ። አንድም ባዶ የለም። ከእነዚያ መርፌዎች ሦስቱን የተወጋሁት ግን እኔ ነኝ።

እኔና እሷ ያደግነው ከአሰላ ብዙ በማትርቀው ሳጉሬ ከተማ ነው። አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ የእሷ ቤተሰቦች ደግሞ እዚያው ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎች። ጎረቤታሞች ስለነበርን እናቷን እኔም እንደ እሷ «አዮ» እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ እማዬ እንደ ማለት።

አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነን ጉሮሮዋን አመማትና ተሻላት። ሳምንታት ቆይቶ ግን ጉልበቷ አብጦ መራመድ አቃታትና አሰላ ወሰድናት። የብቅል ፋብሪካው ሽታ ከተማው መግቢያ ላይ ሲቀበለን፣ እሷ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። ሐኪሙ ደረቷን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ለእናቷ ያላቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ልቧ ገና ደህና ነው። የጉሮሮው ሕመም ከተመለሰ ግን ሊጎዳው ይችላል። ደህና እንደሆነ እንዲቆይ ነው የምንወጋት፤ በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት። ትሩጥ፣ ትጫወት። መርፌው ብቻ እንዳያልፋት።» እናቷ ማንበብ ስለማይችሉ ቀኑን እንዳነብላቸው ካርዱን ለእኔ ሰጡኝ። «አደራ፣ አንቺ ታስታውሺያታለሽ» አሉኝ። ሹመት ያገኘሁ መሰለኝ።

መድኃኒቱ ወተት የመሰለ ወፍራም ነገር ነበር። የተወጋ ሰው ሁለት ቀን ያነክሳል። የታመመ ሰው መርፌ ሲወጋ ማንም ይገባዋል፤ ምንም ያልሆነ ልጅ ላልመጣ በሽታ በየወሩ ሲያነክስ ግን እንዴት ይግባን? «ምንም አላመመኝም እኮ» ትለኝ ነበር፣ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ። እኔም እጇን ይዤ እጎትታታለሁ።

እሷ ሯጭ ነበረች። እኔማ እንኳን ልሮጥ፣ ስራመድም ጋሪ የሚጎትቱት አሮጌ ፈረሶች ይቀድሙኝ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አሰላ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ተመረጠች፤ የመርፌው ቀጠሮ ደግሞ ዋዜማው ላይ ዋለ። እኛን የምታውቀው ሲስተር ወልዳ እረፍት ላይ ስለነበረች፣ ፊታችንን አይቶ የማያውቅ አዲስ ነርስ ተተክቶ ነበር። ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆመችና «እያነከስኩ ልሩጥ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ሐሳቡ የእኔ ነው። በማንም ላይ አላላክክም። ካርዱን ከእጇ ወስጄ ገባሁ፤ ነርሱ ስሟን ሲጠራ «አቤት» አልኩ። የአልኮሉ ቅዝቃዜ፣ ከዚያ መርፌው። ቀስ እያለ ሲገባ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ተሰማኝ። ነርሱ ፈረመና «በርቺ» አለኝ። መድኃኒቱ የማይስማማኝ ሆኖ እዚያው ብወድቅስ? ይህ የሚታሰበኝ አሁን ነው፤ ያኔ ግን ጀግና ነበርኩ።

በማግስቱ ሁለተኛ ወጣች። እኔ በሜዳው ዳር እያነከስኩ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ስሟን እየጠራሁ ተከተልኳት። ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚነፍሰው ንፋስ ፊታችንን ይገርፈው ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ፣ ሲስተር ከእረፍት ሳትመለስ፣ ሁለት ጊዜ ደገምነው። አንዴ ልምምድ እንዳይቀርባት ብለን፣ አንዴ ደግሞ ስላላሰኛት ብቻ።

ክረምት ገባ። ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን በማይገለጥበት በዚያ ብርድ ጉሮሮዋን ያዛት። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራት። ያው ሐኪም አሁንም ደረቷን አዳመጠ፤ ፊቱ ግን የድሮው አልነበረም። ካርዱን አገላብጦ አየ። «አንድም አላለፋትም። ታዲያ እንዴት ተመለሰባት?» አለ፣ ራሱን እንደሚጠይቅ። ካርዱን አምኖ፣ አራት ሳምንት አይበቃትም ማለት ነው ብሎ መርፌውን በየሦስት ሳምንቱ አደረገው። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። በእኔ ዝምታ የተነሳ ከዚያ ወዲያ ቶሎ ቶሎ ትወጋ ጀመር፤ አንድም ቀን «አላመመኝም» አላለችም።

ልቧ ግን አንዴ ተጎድቶ ነበር። ያ ሁሉ ሩጫ ቀርቶ፣ አድገን እንኳ ከገበያ ቤቷ እስክትደርስ ሦስት ቦታ ታርፍ ነበር። ስለዚያ ነገር ያነሳችው አንዴ ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ያንቺ ልብማ ምን ይሆናል፣ ሦስት መርፌ በልቷል» አለችኝና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ዘንድሮ በልግ ላይ አረፈች።

እናቷ አሁን ጉሮሮውን ያመመው የሰፈር ልጅ ካዩ አይለቁም። የማንም ልጅ ይሁን፣ እጁን ይዘው ጤና ጣቢያ ነው። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ያንን የቆርቆሮ ዕቃ ከፍተው ካርዱን አወጡ። «ውሰጂው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያንቺ ልፋት ነው። አንድም ቀን አላስቀረሽብኝም።»

ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሦስቱን ሳጥኖች በጣቴ እየነካሁ አሳየኋቸው። እንዲጮኹብኝ፣ ከቤታቸው እንዲያስወጡኝ ጠበቅሁ። ፈለግሁም። እሳቸው ግን የማያነቡትን ፊርማ ደጋግመው አዩት።

«መርፌው አሞሽ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ አዮ።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሁለት ቀን።»

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «ሁለት ቀን ሙሉ በደጄ እያነከስሽ ስታልፊ» አሉ፣ «እኔ እናቷ እንዴት ሳላይ ቀረሁ?»