እርጅና ያልነበረው እንባ

አያቴ ዳዊት ሲደግሙ በየመስመሩ ቆም ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። «አሸዋ የገባበት ይመስለኛል፤ ፊደሉም ይሸሸኛል» ሲሉ ቤተሰቡ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ «እርጅና ነው፣ አባባ» እንላቸው ነበር። ደባርቅ ያለው መድኃኒት ሻጭ ደግሞ ዓይናቸውን እንኳ ሳያይ ቅላት የሚያጠፋ ጠብታ ለዓመታት ሸጠላቸው።

ጎንደር የወሰድኳቸው ማንበብ ካቆሙ ከዓመታት በኋላ ነው። ሐኪሟ በመብራት አየቻቸውና «አባባ፣ ዓይንዎ እንባ የሚያበዛው ደርቆ ስለሚቆጠቁጠው ነው፤ ያ ጠብታም አባብሶታል» አለቻቸው። ማርጠቢያ ጠብታና ለብ ያለ እርጥብ ጨርቅ ብቻ አዘዘች። በወሩ ዳዊታቸውን ገልጠው «ፊደሉ ቆመልኝ!» አሉኝ።

ሁለት ወር አነበቡና ዐረፉ። አሁን ቤቱ ጠዋት ጠዋት ጭር ይላል። በሞታቸው ከእግዜር ጋር አልሟገትም፤ ሳያነቡ ያለፉትን ዓመታት ግን የቀማናቸው እኛ ነን።